ከውሃ የተቀበለቻት

«‹ወልደዋታል ወይ?› ነው ፈረንጇ የምትለው፣ እማማ። ሌላ አትጠይቅም» ይላል አስተርጓሚው ስማቸው።

ያለምወርቅ ትንሿን ማሬን ወደ ጉያዋ ትስባታለች። ከዳሱ ውጭ ወደ ገዳሪፍ ከተማ የሚሄደው ሎሪ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ወላጅም ዘመድም የሌላቸውን የሱዳኑን የስደተኛ ካምፕ ልጆች ፈረንጆች ሊያሳድጓቸው ይወስዷቸዋል። ማሬ ትሂድ ትቅር፣ ነገሩ ያለው በዚች ፈረንጅ አፍ ነው።

«ክርስትና አንስቻታለሁ በላት እንጂ፣ ልጄ።»

ስማቸው ብሏታል። እንግሊዝኛው ቃል አላጣም። ግን በፈረንጇ አገር የክርስትና እናት ለልደት ቀን ስጦታ የምትልክ ናት፤ የሷዋ እስከ ዛሬ ካልሲ ትልክላታለች። ልጅ ለማስቀረት አትበቃም።

ካልሲ! ያለምወርቅ ራሷን ትነቀንቃለች። የማሬን አባት ደርግ በላው። እናቷ መተማ ሳይደርሱ በወባ ስትሞት አደራ እንኳ አላለችም። ለእናት ምን አደራ ይባላል?

ወንጌሏን ከጨርቁ ትፈታለች። ፊደል መቁጠሯ ዛሬ ካልጠቀማት መቼ ሊጠቅማት ነው።

«ኒቆዲሞስ ጌታን የጠየቀበትን አውጣላት። ከውሃ መወለድ የሚለው በእሷም መጽሐፍ አይጠፋም።»

ስማቸው የእንግሊዝኛውን ገልጦ ያቀርብላታል። ፈረንጇ ታነባለች፤ ፊቷ ይፈካል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ታወራለች። እመቤቴ ደረሰችልኝ፣ ትላለች ያለምወርቅ በሆዷ።

«ምን አለች?»

ስማቸው ይተረጉማል። እኔም እንዲሁ ተወልጃለሁ ነው የምትለው፤ ካደገች ወዲያ፣ ብቻዋን ተንበርክካ ስትጸልይ።

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። እሷና እግዜር።»

«ታዲያ ከውሃው ማን ተቀበላት?»

ይህንንም ይነግርላታል። ፈረንጇ ገጹን በጣቷ እየተከተለች ትፈልጋለች። ውሃው አለ፣ መንፈሱም አለ፤ ተቀባይዋ ግን የለችም። ያለምወርቅ የራሷን ወንጌል ታያለች። በሱም የለችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታነበው እዚያ የተጻፈች ይመስላት ነበር።

ሎሪው ጥሩንባውን ይነፋል። ፈረንጇ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ቀስ ብላ የማሬን ግራ እጅ ትይዛለች።

«እማማ፣ አንቺም ትመጫለሽ?» ትላለች ማሬ።

ወንጌሉ ከያለምወርቅ ጭን ተንሸራቶ መሬት ይወድቃል። አታነሳውም። የልጅቱን ቀኝ አውራ ጣት ትጨብጣለች፤ ያኔ በክርስትናዋ ዕለት ቄሱ ሲጠይቋት፣ በልጅቱ ፈንታ ሰይጣንን ክጃለሁ ስትል እንደያዘችው አድርጋ። ፊቷን ወደ ምሥራቅ ታዞራለች።

«አምናለሁ» ትላለች።

ስማቸው ይህን አይተረጉምም።

ፈረንጇ ልጅቱን በቀስታ ወደ ደጅ ትስባለች። የልጅቱ ጣት በላብ ያንሸራትታል። ያን ለትም፣ ከውሃው ስትቀበላት፣ እንዲሁ አንሸራቶ ነበር። አልለቀቀቻትም።