ከጓንቱ ሥር

የብሔራዊ ቡድን መልማይዋ በሶዶ ሜዳ የተሰለፉትን ሴቶች አንድ በአንድ እየጨበጠች ስትመጣ፣ ግብ ጠባቂዋ ብሩክታይት ጓንቷን አውልቃ ቀኝ እጇን ጭቃ ውስጥ ነከረች። በጨዋታው ፍጹም ቅጣት ምት ስታድን የተሰበረው ጣቷ እያበጠ ነበር። ይህ ከታወቀ ለብሔራዊ ቡድኑ፣ ለሉሲዎቹ፣ እንደማትመረጥ አልተጠራጠረችም። እጁ የቆሸሸ ሰው ግን ለሰላምታ የእጅ አንጓውን ቢዘረጋ ማንም አይቀየመውም።

"እሷ እኮ ራሷ ለሉሲዎቹ በር የጠበቀች ናት፤ ታውቅብሻለች" አለቻት አጠገቧ የቆመችው ተከላካይ።

"ዝም በይ አንቺ!"

መልማይዋ ስትደርስ ብሩክታይት አንጓዋን ዘረጋች። "ጭቃ ነክቶኛል፣ ኮች።"

ሴትዮዋ አንጓዋን ይዛ ቀረች። "ጓንት አድርገሽ አይደል እንዴ የተጫወትሽው? ጭቃው በየት ገባ?"

ተጫዋቾቹ ሳቁ። ብሩክታይት ፊቷ ጋለ። እጇን በማሊያዋ ጠረገችና ያበጠውን ጣት በመልማይዋ ዓይን ፊት ቀጥ አድርጋ ያዘችው።

"ተሰብሯል" አለች። "ኳሷ ግን አልገባችም።"

መልማይዋ ጣቱን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ስምሽን እስከ አያትሽ ንገሪኝ" አለች። "ካምፕ ግን ጣትሽ ሳይድን አትገቢም።"