የወለቀው ቱቦ

ቱቦው ከትራሱ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የኤምአርአይ ባለሙያዋ አየችውና ክው አለች። አየር እየገፋ ከበሽተኛው ራስ ሥር ያለውን ትራስ የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነበር፤ ማሽኑም የአንጎል ዕጢው ደረቅ ይሁን ለስላሳ የሚለካው ከዚያ ንዝረት ነው። ለስላሳ ከሆነ ራስ ቅል ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ተመጥጦ ይወጣል። ደረቅ ሆኖ በትንሽ ቀዳዳ የገቡበት እንደሆነ ግን ጉድ ይፈላል። አሁን ተመርምረው የወጡት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደግሞ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባሉ።

ወደ አለቃዋ ክፍል በረረች።

«ዶክተር፣ ልኬቱ አይሆንም! ቱቦው ወልቆ ነበር። ሽማግሌውን መልሼ ማሽኑ ውስጥ ላስገባቸው።»

ሠራተኛው ሁሉ «ፈጣኑ» የሚለው ሐኪም ቅቤ የተቀባ ዳቦ እያላመጠ ዞረ። «የውሃው ሥዕል አለ አይደል? ይኸው፣ ዕጢው ውስጥ ያለው ውሃ እንደልቡ ይንሸራሸራል። ለስላሳ ነው ብለሽ ጻፊ።» ቅባታም ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ዕጢው ላይ አሳረፈው።

«የውሃው ብቻውን ድርቀቱን አይነግረንም እኮ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እህቴ፣ ውጭ አሥራ አንድ ሰው ይጠብቃል። አታካብጂ።» ጥርሱ መሀል የገባውን ፍርፋሪ በጥፍሩ ጎርጉሮ አወጣ፣ አየት አደረገውና መልሶ ዋጠው።

አንገሸገሻት። ይባስ ያንገሸገሻት ግን የገዛ እጇ ነው፤ ሳይታወቃት ብዕር አንስታ መጻፍ ጀምራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «እሺ ዶክተር» ስትል የኖረች ሴት እጅ፣ ማንንም አይጠይቅም።

ወረቀቱን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«አልጽፍም። ከፈለጉ እርስዎ ይጻፉ፤ ይፈርሙበትም።»

ፈጣኑ ማላመጡን አቆመ። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከትተው፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ።

«አባባ፣ በጣም ይቅርታ፤ እንደገና ይተኙልኝ። ትራሱ ሳይሠራ ቀርቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቱቦውን በደንብ አላጠበቅኩትም።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚያደርጉት የቸገራቸው ይመስላሉ።

«ትራሱ ይንቀጠቀጣል ብለሽኝ ዝም ሲል ጊዜ» አሉ፣ «በሽታው የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ። አሁን ነው ለልጄ የነገርኳት።»

ስልኩ ገና አልተዘጋም። ውስጡ አንዲት ሴት እየሳቀች ታለቅሳለች።