ዘይቱ እስኪለይ

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ውጭ ይጠብቃል፤ ኬሚስቷ መቀመጥ አቅቷታል። ከሱፍ ፍሬ ዘይት ያወጣችው በፈላ አልኮል ነበር። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ራሱ ከታች ከተለየ፣ ፋብሪካው እስካሁን ዘይት የሚያወጣበትን፣ የሠራተኛውን ነርቭ የሚጎዳውን ሄክሳን የተባለ ኬሚካል ይተዋል። ካልተለየ ግን ወንድሟ ሃያ ዓመት ወደሠራበት የሄክሳን ትነት ነገ ይመለሳል።

«እስኪ ጠርሙሱን ንካው፤ ቀዝቅዟል?» አለችው አጠገቧ የቆመውን ወንድሟን።

ወንድሟ ጠርሙሱን በመዳፉ አቀፈው። ፋብሪካው ከቴርሞሜትር ይልቅ የእሱን መዳፍ ያምናል። «በርዶልሻል፣ ፕሮፌሰሯ!»

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አሁንም አንድ ወጥ ቢጫ ነበር። አልሠራም ማለት ነው። ልትደፋው ስታነሳው ጣቶቿን ለበለባት፤ ደንግጣ መልሳ አስቀመጠችው። ገና ትኩስ ነው፤ ሙከራው አልከሸፈም! ደስ ሊላት ሲል ዓይኗ በወንድሟ መዳፍ ላይ አረፈ። ቆዳው ቀልቶ ውሃ መቋጠር ጀምሯል፤ እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ነበር።

«መቼ ጀመረህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ፈገግታው ጠፋ። «እግሬ አምና ደነዘዘ፣ እጄ ዘንድሮ። ውጭ ላለው ሰውዬ እንዳትነግሪው፤ ያባርረኛል።»

እጁን ስባ ቧንቧው ሥር አደረገችና ውሃውን ከፈተች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለችው፣ እንዲያውቀው።