የጩኸት መዝጊያዋ ቁልፍ

«ሁለቱንም ክፈትልኝ አልኩህ እኮ!» ሎርና ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች። «ሳልሰማ የምገዛ ሞኝ መሰልኩህ?»

ኦርቪል ሣጥኖቹን ከመደርደሪያው ያወርዳል። ከሲየራ ተራሮች ግርጌ ባለችው በዚህች ከተማ ሬዲዮ ሲሸጥና ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፤ የሎርናን ቁጣም ከለመደው ቆይቷል። የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰሙ ሁለት ስካነሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱ አዲስ ዲጂታል፣ አንዱ ጠርዙ የተላላጠ አናሎግ። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰማዩ ግን የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ደጅ በቆሙት መኪኖች ላይ አመድ ይዘንባል።

ሎርና ስካነር ነክታ አታውቅም። ዛሬ ግን የስልክ ማማው በሰደድ እሳቱ ተቃጥሏል፤ ልጇ ቴስ ደግሞ ከበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ጋር በሰባት ቁጥር መኪና ጥድ ሸንተረር ላይ ወጥታለች።

«ዲጂታሉን ውሰጂ» ይላል ግሬዲ፣ ጥግ ተቀምጦ ቋንጣ የሚያላምጠው ጡረተኛ። ከሚስቱ ይልቅ ከስካነር ጋር የኖረ ሰው ነው። «ሸሪፉ፣ አምቡላንሱ፣ የአውራጃው እሳት አደጋ፣ ሁሉም ዘንድሮ ወደ ዲጂታል ዞሯል። ያ አሮጌ ሣጥን ለዶሮ መቀመጫ ነው የሚሆነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? በእኔ ግብር የሚበሉ ሰዎች የሚያወሩትን ለመስማት እንደገና ልክፈል? የአውራጃው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናግሬያለሁ፤ ለጋዜጣም ጽፌያለሁ። ሕዝብ እንዳይሰማቸው አፋቸውን ሸፈኑና ስሙን ዘመናዊነት አሉት። እናንተም ቁጭ ብላችሁ አጨበጨባችሁ!»

«እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ ላይ ቋንጣ ነበር።»

«ስሚኝማ፣ ሎርና» ይላል ኦርቪል ሁለቱንም እየከፈተ። «ግሬዲ እውነቱን ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ የሚጠራቸው በዲጂታል ነው። የኛ ልጆች ግን እላይ ሲሆኑ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ዛሬም በነዚያ አሮጌ የእጅ ሬዲዮዎች ነው፤ በአናሎግ። አዲሱ ሁለቱንም መስማት ይችላል፤ አንዱን ሲሰማ ግን ሌላው ያመልጠዋል። ለጀማሪ እንግዲህ…»

«አሮጌውን!» ትላለች። «ምን ብያችሁ ነበር?»

ከዲጂታሉ የአንዲት ሴት ድምፅ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ይወጣል። አናሎጉ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይጮኻል። ሎርና ስለ አውራጃው ሹማምንት ስትናገር ጣቷ አናሎጉ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያገኛል፤ ጩኸቱ እስኪጠፋ ታዞራታለች። ሣጥኑ ጭጭ ይላል። ደስ ይላታል። በዚህች ከተማ ስካነር ዝም ካለ የማንም ቤት አልተቃጠለም ይባላል።

«ሰባት ቁጥር፣ ከማዕከል» ይላል ዲጂታሉ። «ሁኔታችሁን አሳውቁን።»

መልስ የለም።

«ሰባት ቁጥር፣ ከማዕከል። ትሰማላችሁ?»

ግሬዲ ማላመጡን ያቆማል።

«ሰባት ቁጥር ሸንተረሩን ለቆ ሳይወርድ አልቀረም» ይላል ሌላ ድምፅ፣ የቸኮለ የወንድ ድምፅ። «ውሃ የጫነው ሄሊኮፕተር ወደ ከተማው ይዙር።»

«ሳይወርድ አልቀረም?» ሎርና ትጮኻለች። «ዝም ስላሉ ወረዱ ማለት ነው? ማን ነው ይሄ ደንቆሮ?»

«ከሸንተረሩ ጀርባ ከሆኑ ጥሪው አይደርሳቸውም» ይላል ግሬዲ ቀስ ብሎ። «ዲጂታል እየደከመ አይሄድም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።»

ሎርና ወደ አናሎጉ ትዞራለች። «ይሄኛውም ዝም ብሏል። ዝም ማለቱ ጥሩ ነው አይደል? ኦርቪል፣ ጥሩ ነው በለኝ እንጂ!»

ኦርቪል ቁልፏን ያያል። ፊቱ ይለዋወጣል። «ይቺን ማን ነካት?»

«እኔ። ጩኸቱ አሳበደኝ።»

«ጩኸቱን ስትዘጊ የደከመውንም ድምፅ አብረሽ ዘጋሽው፣ አንቺ ሴትዮ!»

ወደ ኋላ ያዞራታል። ጩኸቱ ሱቁን ይሞላዋል። ሎርና ጆሮዋን ትለጥፋለች፤ ቃል የሚመስል ነገር የለም። የምትሰድበው ሰው ትፈልጋለች፤ ከራሷ ሌላ ታጣለች።

ኦርቪል የእሳት አጥፊዎቹን ሬዲዮ ጠግኖ የሚሞክርበትን የመላኪያ ሬዲዮ ማይክሮፎን ያነሳል። «ሰባት ቁጥር፣ ኦርቪል ነኝ፣ ከሱቅ። ባትሪያችሁ ደክሞ እንደሆነ አታውሩ። እንደ ድሮው፤ እዚያው ካላችሁ ሁለቴ ተጫኑ።»

«ምኑን?» ትላለች ሎርና።

«የመናገሪያውን ቁልፍ። ሲጫኑት፣ ድምፃቸው ባይደርስም፣ ይሄ ጩኸት ቀጥ ይላል።»

ይጠብቃሉ። የጩኸቱ ዝናብ ይወርዳል። ግሬዲ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለሽቦ ስልክ አንስቶ ወደ ማዕከሉ ደውሏል፤ አፉ ውስጥ ያለውን ሥጋ አልዋጠም።

ጩኸቱ ቀጥ ይላል።

ይመለሳል።

እንደገና ቀጥ ይላል።

«እላይ ናቸው!» ይጮኻል ግሬዲ በስልኩ። «ሰባት ቁጥር አልወረደም! ሄሊኮፕተሩን መልሱት! እንዴት አወቅህ አትበለኝ፣ መልሰው!»

«እሷ ናት?» ትላለች ሎርና። «ቴስ ናት የተጫነችው?»

«ቁልፍ ስም አይናገርም፣ ሎርናዬ።»

ግሬዲ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዲጂታሉን ያያል። ከዚያ ያች የጠራች ድምፅ፣ «ሄሊኮፕተር ወደ ጥድ ሸንተረር ተመለስ» ትላለች።

ጩኸቱ እንደገና ሱቁን ሞልቶታል። ኦርቪል ድምፁን ትንሽ ሊቀንስላት እጁን ይዘረጋል። ሎርና ግን በሁለት መዳፏ የአናሎጉን ቁልፎች ከልላለች፤ ነፋስ ላይ ሻማ እንደያዘ ሰው።