ያጠፋነው ምድጃ

ምድጃውን ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ከወፍራሙ ግድግዳ ወዲያ ያለው ናሙና የእኛን ማሞቂያ ትቶ ራሱን በራሱ ማሞቅ ጀምሯል ማለት ነው። ናሙናው በድንጋይ ካባ ውስጥ ቋጥኝ የሚያፈርሱበት ፈንጂ ነው፤ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው የምናጠናው።

ያለንበት መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም የሚያወጣው በምድጃው በኩል ነው። ይህን ክፍል የነደፈው ሰው አንድ ቀን እጄ ላይ በወደቀ! ስልኩን አንስቼ ለዘበኛው ደወልኩና ሙቀቱ እየጨመረ ስለሆነ ወደ ላብራቶሪው ማንንም እንዳያስገባ ነገርኩት።

«ሳዋ ሳዋ፣ ማዳም» አለኝ፣ በስዋሂሊ እሺ ማለቱ ነው፤ ከምሳው ገና አልተነሳም መሰለኝ፣ እያኘከ ነው።

ጋሼ ክብረት ከወንበራቸው ተነሱ።

«መሣሪያው ነው የቀወሰው» አሉ። «ያቺ ቁንጣሪ እንዲህ አትግልም። ሄጄ አየዋለሁ።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይቀመጡ!»

«አንቺ ናፍቆት፣ እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ሳትወለጂ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በስደተኛ ወረቀት ናይሮቢን ስዞር ላቪንግተን ሰፈር ባለው ቤታቸው አስጠግተው ያስተማሩኝ፣ እዚህም ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ተደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ፣ ከሚፈቀደው እጥፉን ሲጨምሩ ሳይ ምን ልበል? «ዓይንዎ ደክሟል» ይባላል? ቤተሰባቸው ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፣ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ዘጋሁ።

እጃቸው በበሩ እጀታ ላይ አረፈ። ጋውናቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። የገዛ አባቴን የጎተትኩ ያህል አፈርኩ፤ ግን አልለቀቅኩም።

«ጠዋት የጨመሩት እጥፍ ነው» አልኩ። «አይቻለሁ።»

ዞር አሉ። «አይተሽ ዝም አልሽ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ ጋሼ?» እንባዬ መጣ።

ውጭ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ረዳት ተሳፋሪ ይጠራል፤ ሰው ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው እየተመለሰ ነው። እኛ ደግሞ ለተፈቀደው መጠን ብቻ የተሠራ ግድግዳ ጀርባ ቆመናል። እጥፉን ይችል አይችል አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከበሩ አነሱ፤ እኔም ለቀቅኳቸው፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ከእኔ ጋር ተመልሰው አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የሙቀቱ ቁጥር በትልልቁ፣ በቀይ፣ ፊት ለፊታቸው ይበራል፤ ከአንድ ክንድ አይርቅም።

«የኔ ልጅ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ይላል? አንብቢልኝ።»