ጭቃ ላይ የቆመችው ልጅ

ሙኒት ደክሟት ነበር። ድካሟም የአንድ ቀን አልነበረም። ወራቱን ሙሉ የሰው ኀዘን ስትመዝን ነው የከረመችው።

እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ አንድ ማትናስ፣ የሰፈር የባህል ማዕከል፣ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የመጡበትን መንገድ የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው። ፎቶዎቹን ያነሳቸው አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነው፤ ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አክሟቸው እዚያው ሞተው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ስሙ የታወቀው በዚያ መንገድ ለሞቱት በሚደረገው መታሰቢያ ቀን በሕዝብ ፊት ይጠራል። የታሪክ ተመራማሪዋ ሙኒት ሥራ ማን ማን እንደሆነ ማጣራት ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ "ይሄ ወንድሜ ነው" ይላል። እሷም በዚያ ጊዜ የት ነበሩ፣ ሌላ ያየ ሰው አለ ወይ እያለች ትጠይቃለች። አብዛኛው እውነት ነው። አንዳንዱ ናፍቆት ነው።

በመጨረሻ ስም ያጣ አንድ ፎቶ ቀረ። ትንሽ ልጅ ጭቃ ላይ ቆማለች። ቀሚሷ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ በእጇ ጣሳ ይዛለች። አጠገቧ ማንም የለም። ሰው ይመጣል፣ ያያታል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያልፋል።

አባ አይቸው ግን አላለፉም። ጋን ሽሙኤል በሚባለው የጋራ እርሻ መንደር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ደጋግመው እየመጡ ካዩዋት በኋላ፣ "ይቺ የኔ ናት" አሉ። "ውዲቱ ትባላለች።"

ሙኒት መቅረጫዋን ከፈተች። "እስቲ ስለ እሷ ይንገሩኝ፣ አባባ።"

"ቀሚሷ እዚህ ጋ ተቀዶ ነበር። ጣሳዋን ከእጇ አትለይም።"

"ጠባይዋስ? ምን ትወድ ነበር?"

ሽማግሌው ፎቶውን አዩ። "ልጅ ነበረች" አሉ።

ሙኒት መቅረጫውን ዘጋች። ኀዘን አፍ ይይዛል።

ነገሩ የተበላሸው የቀዳችውን መልሳ ስትሰማ ነው። "እኛ እንኳ ዝናቡ ሳይመጣ ነው በአውሮፕላን የወጣነው" ብለዋል አባ አይቸው፣ ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ። ፎቶው ላይ ግን ልጅቷን ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧታል። ስታጣራ፣ ሐኪሙም ካምፑን የረገጠው እነ አባ አይቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሰው ይረሳል፣ ቀን ያምታታል። ጭቃ አያምታታም።

ከአባ አይቸው ጋር አብረው የመጡትን እማማ ሙላቷን ልትጠይቅ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ክፋር ብራንዳይስ ሄደች።

"የአባ አይቸውን ልጅ፣ ውዲቱን ያስታውሷታል?"

እማማ ሙላቷ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "አይቸው ካለ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ?"

"በዓይንዎ አይተዋታል ወይ?"

"በዚያ መንገድ ስንት ልጅ አለቀ፣ ልጄ! የቱን ላስታውስ?"

ይሄ ምስክርነት አይደለም። ሙኒት ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።

የማትናሱ ኃላፊ ኦፈር ቸኩሏል። "በይ እንጂ፣ ሙኒት፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው። ስሙን እንጻፈው። ማን ይጎዳል?"

"ዘመዶቿ ናቸዋ የሚጎዱት። የሌላ ልጅ ስም ከተለጠፈባት ማን ይፈልጋታል?"

"ታዲያ ለሽማግሌው 'ልጅዎ አይደለችም' ልትያቸው ነው?"

ሙኒት አባ አይቸው ዋሽተዋል እንዳትል፣ የሚያስዋሻቸው ምክንያት አጣች፤ ከዚች ፎቶ የሚያገኙት ጥቅም የለም። እንግዲያው ተሳስተዋል ማለት ነው። ልጁን የቀበረ አባት በሌላ ሰው ልጅ ፊት ላይ የራሱን ልጅ ያያል። ይህን ስትነግረው ሰውዬውን ልጁን ዳግመኛ ልታስቀብረው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ወዳለው መናፈሻ ሄደች። አባ አይቸው እንደ ልማዳቸው ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ፎቶ ሲነሳ እርስዎ እዚህ አገር ገብተዋል። ልጅቷ ውዲቱ ልትሆን አትችልም።"

አልተቆጡም። "ጎበዝ ነሽ" አሉ።

ይህ ከቁጣ ይልቅ ጎዳት። "ልጅዎን ግን አንረሳትም" አለች ቶሎ ብላ። "ፎቶ ባይኖራትም ስሟ ይጠራል። እኔ ራሴ..."

እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አድርገው አስቆሟት።

"እኔ እንኳ ሴት ልጅ ወልጄ አላውቅም፣ ሙኒትዬ፤ ሰው ሁሉ የራሱን እየለየ ሲወስድ እሷ ብቻዋን ቀረች፤ ዘመዶቿ ሲመጡ እለቅላቸዋለሁ።"