ከጭራው ሥር

ዳማው ፈረስ ሦስት ቀን ሙሉ ገለባ አልቀመሰም፤ ሽንቱም ቀልቷል። ባለጋሪው ከዚህ ፈረስ ሌላ እንጀራ የለውም።

«መተት ነው፤ የጭራውን ፀጉር ነቅሎ የወሰደብህ ሰው አለ» አሉት ባለጋሪ ጓደኞቹ።

ስለዚህ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎረቤቱን ጋሽ ስንሻውን፣ ያን ኮርቻ ሰፊ ሽማግሌ፣ የፈረሱን ጭራ አንስተው ጋጣው ውስጥ አጎንብሰው ሲያገኛቸው መጠየቅ አላስፈለገውም። ዱላውን አነሳ።

«ቆይ አንተ ልጅ፣ ላሳይህ» አሉ ሽማግሌው።

«ለጠንቋይዎ ያሳዩት» አለና ክንዳቸውን ሰበረው። ሁለተኛው ምት ትከሻቸው ላይ አረፈ፤ ሦስተኛው ሁለት ጥርሳቸውን ፋንድያው ላይ አራገፈ። እንዲያም ሆኖ አንቱታውን አልተወም። «ፀጉሩን ይመልሱ» እያለ ነበር የሚደበድባቸው። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን እንደጨበጡ ወደቁ። ጎረቤት ተሯሩጦ ደረሰና ገላግሎ ወደ ደጅ አወጣቸው።

ወዲያው በማለዳ የተላከበት የእንስሳት ሐኪም መጣ። ፈረሱን መርፌ ወጋው፤ ጭራውንም ገልቦ አየ።

«መዥገር ያመጣው የደም በሽታ ነው፤ ይድናል» አለ። «ባትለቅሙለት ኖሮ ግን ዛሬን አያድርም ነበር። ማነው የለቀመለት?»

ባለጋሪው ወደ ደጅ ወጣ። የጎረቤት ሴቶች የሽማግሌውን ክንድ ለማሰር የጨበጡትን ቀኝ እጃቸውን ጣት አንድ በአንድ እየዘረጉ ነበር። ከመዳፋቸው ደም የጠገቡ ሰባት መዥገሮች መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ጋሽ ስንሻው ደማቸውን ተፉና ቀና ብለው አዩት።

«አንዱ እዚያው ቀርቷል» አሉት፤ «ለሐኪሙ ንገረው።»